የምስጥ ሰምና ወርቅ

ባቡር አቃቂ የደረሰው በ1915 ነው። (ግራ እንዳንጋባ፣ በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ ሁለት ዓመት ፈጅቶበት 1917 ላይ ገባ። ስለዚያ ባቡር ብዙ ተብሏል። ስለ አፄ ምኒልክ ፈቃድ፣ ስለ አልፍሬድ ኢልግ ድካም፣ ስለ ፈረንሳይና እንግሊዝ ሽኩቻ ያልተጻፈ የለም። ዛሬ እኛ ዐይናችንን ከሎኮሞቲቩ አንስተን ወደ ሐዲዱ ሥር እንጣለው። አሮጌውን መስመር ረግጦ የሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ሐዲዱ ያረፈባቸው አግዳሚዎች ከእንጨት ሳይሆን ከብረት የተሠሩ ናቸው።

ብረት ውድ ነው። ከባድ ነው። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ታዲያ ምን አመጣው? በአፍሪካ ሞቃታማ ምድር ሐዲድ የዘረጉ መሐንዲሶች ከእንጨት ከሸሹባቸው ምክንያቶች አንዱ ገላው የለሰለሰ፣ ሠራተኛው ዐይን የሌለው፣ በጣት ሲነኩት የሚፈርጥ አንድ ፍጥረት ነው። ምስጥ ይባላል።

ይህ ፍጥረት ዛሬም ከእኛ ጋር ነው። የሰፈር አናጢ የባሕር ዛፍ ቋሚ ከመትከሉ በፊት የግንዱን ጫፍ ከጋራዥ ባመጣው የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። ፎቅ የሚሠራው ኮንትራክተርም ከእሱ አይለይም፤ በቢል ኦፍ ኳንቲቲው ውስጥ መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት አፈሩ ላይ የሚረጭ «ፀረ ምስጥ» የሚል መስመር አለችው። ከጭቃ ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም፣ ሁላችንም ጦርነት ላይ ነን ማለት ነው።

የዚህ ጦርነት ግንባር የት ነው ብለን ብንጠይቅ ብዙዎቻችን «ግድግዳው»፣ «ጣውላው»፣ «መሠረቱ» እንላለን። የሳይንስ ታሪክ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ግንባሩ የምስጡ ገላ ላይ ያለች፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነች የሰም ሽፋን ናት። ምስጥ የሚኖረው በሰሙ ነው። ዘመዱን የሚያውቀው በሰሙ ነው። የምንረጭበት መርዝም የሚገባው በሰሙ በኩል ነው። የአማርኛ መምህሮቻችን ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩን «ሰሙ ላዩ ነው፣ ወርቁ ውስጡ» ይሉን ነበር። እስቲ በዚሁ መንገድ የምስጥን ሰም እንፍታው።

የበረሮ የአጎት ልጅ

በቅድሚያ ማንነቱን እናጥራ። ፈረንጆች ምስጥን ለረጅም ጊዜ «ነጭ ጉንዳን» ሲሉት ኖረዋል። ስሕተት ነው። ጉንዳን የንብና የተርብ ወገን ነው። በ2007 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ የምስጥን ቦታ ቁርጥ አድርጎ ነገረን፤ ምስጥ ማለት ማኅበራዊ ኑሮ የጀመረ በረሮ ነው። አዎ፣ ማታ መብራት ስታበሩ ኩሽናችሁ ውስጥ የሚበታተነው ያ በረሮ።

ስለ ምስጥ በሳይንስ ወግ ከተጻፉት ቀደምት ጽሑፎች ትልቁን ስፍራ የያዘው በ1781 ሄንሪ ስሚዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ለጆሴፍ ባንክስ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ስሚዝማን ሲየራ ሊዮን ቆይቶ ስለነበር የአፍሪካን ኩይሳ ቆፍሮ አይቷል። ንጉሡን፣ ንግሥቷን፣ ሠራተኛውንና ወታደሩን ለይቶ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ለአፍሪካ ገበሬ ይህ አዲስ ዜና አልነበረም። የእኛም ቋንቋ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። «እንደ አሸን ፈላ» የምንለው ዝናብ ሲዘንብ ከመሬት እየተግተለተለ የሚወጣውን ክንፋም ተመልክተን ነው። በአፋን ኦሮሞ ስሙ ሪርማ ነው፤ ወለጋ ውስጥ ሪርማ ሲባል ሳቅ የለም።

በ1990 የወጣ አንድ ዝርዝር በኢትዮጵያ 61 የምስጥ ዝርያዎችን መዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ ሰብልና ቤት የሚያወድሙት ጥቂቶቹ ናቸው። በጣም የሚፈሩት ደግሞ ገበሬዎቹ ናቸው። ገበሬ ስንል ቀልድ አይደለም፤ ከኩይሳቸው ሥር በደረቀ ሣርና እንጨት ላይ እንጉዳይ የሚያለሙ ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ የወደቀ ቅጠልና ግንድ እያብላሉ ወደ አፈር የሚመልሱ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ይህን እናስታውስ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ሰሙ፦ ውኃ

መብራት ሲጠፋ የምናበራው ሻማ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ከነዳጅ የሚወጣ ፓራፊን ነው። ፓራፊን ማለት ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ ያሉበት፣ ሰንሰለት የሚመስል ሞለኪውል ነው፤ አብዛኛው ሰንሰለት ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ካርቦኖች አሉት። አሁን ምስጡን ተመልከቱት። ገላውን የሸፈነው ሰም በአብዛኛው ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ 21፣ 25፣ 27 እያለ እስከ 40 እና ከዚያም በላይ የሚዘልቅ የካርቦን ሰንሰለት። ኬሚስቶች ሃይድሮካርቦን ይሉታል። አናጢው ቋሚው ላይ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይትም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የንብ ሰም ግን ትንሽ ይለያል፤ ሃይድሮካርቦን ቢኖርበትም ይበልጡ ኤስተር የተባለ ሌላ ዓይነት ውሕድ ነው። ስለዚህ ምስጥ ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይልቅ ለሱቁ ሻማ ይቀርባል።

ይህን ሰም ምስጡ ከየትም አይቀባውም፤ ራሱ ይሠራዋል። ከቆዳው ሥር ያሉ ልዩ ሴሎች ያመርቱታል፣ በደሙ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ተሸክሞ ያደርሰዋል፣ ከዚያም በቅርፊቱ በኩል ወጥቶ ገላውን ይለብሰዋል።

ለምን ያስፈልገዋል? መልሱ የጀመረው ከበረሮ ነው። በ1935 ራምዚ የተባለ ተመራማሪ በረሮ ምን ያህል ውኃ በትነት እንደሚያጣ ይለካ ነበር። ሙቀቱን ቀስ እያለ ሲጨምር ውኃውም ቀስ እያለ ይቀንሳል። 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ በረሮው በድንገት ውኃውን ያፈስስ ጀመር። ቆዳው አልተቀደደም፤ ላዩ ላይ ያለው ቅባት ነው ጠባዩን የለወጠው። በ1945 ደግሞ ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ ነገሩን ከዳር አደረሰው። ነፍሳትን ሸካራ ዱቄት ላይ አስኬዳቸው። ዱቄቱ የሰሙን ሽፋን ጫር ጫር ሲያደርገው ነፍሳቱ በፍጥነት ደረቁ። መርዝ የለም፣ ቁስል የለም፤ ሰሟ ስትጫር ብቻ ውኃው አመለጠ።

ትንሽ አካል ያለው ፍጥረት ሁልጊዜም ከድርቀት ጋር ግብግብ ላይ ነው። ከውስጡ ይልቅ ላዩ ይበዛልና። ምስጥ ደግሞ ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ከሌሎቹ የባሰ ነው። ግድግዳ ላይ እንደ ደም ሥር የሚወጣውን የጭቃ ቱቦ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ቱቦው መንገድ ብቻ አይደለም፤ እርጥበትን የሚይዝ ኮሪደር ነው። ሰሙና ጭቃው አብረው ያኖሩታል።

በ1959 በካሊፎርኒያ ዋልተር ኤበሊንግ የተባለ የነፍሳት ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ይህን እውቀት ወደ ሥራ ለወጠው። ከአፈር ጋር ሳይገናኝ በደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖረውን የምስጥ ዓይነት ሰም የሚመጥ ደቃቅ ዱቄት አለበሱት። ዱቄቱ ሰሙን እንደ መጥረጊያ ወረቀት መጠጠው። ምስጡ በውኃ ጥም ሞተ።

አሁን ወደ አያቶቻችን እንመለስ። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ ገበሬ እህሉን ከነቀዝ ለመጠበቅ አመድ ይቀላቅልበታል። ማን አስተማራቸው? ማንም። ዊግልስዎርዝ ላቦራቶሪ ገብቶ ያየውን እነሱ ጎተራ ውስጥ አይተውታል። ደቃቅ ዱቄት የነፍሳትን ሰም ይጭራል፣ ይመጣልም። ታዲያ አመድ ነቀዝን የሚገታ ከሆነ የቤታችንን ምስጥ ለምን አይጨርሰውም? ምክንያቱ ያው ውኃ ነው። ጎተራ ደረቅ ነው፤ የቤት መሠረት ግን እርጥብ ነው። ዱቄት ሲርስ ጉልበቱ ያልቃል፣ የአፈር ምስጥም የጠፋውን ውኃ ከእርጥቡ አፈር ይተካዋል። የባህል እውቀት የሚሠራበትም የማይሠራበትም ቦታ አለው፤ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው።

ወርቁ፦ መታወቂያ

እስከ አሁን ያየነው ሰሙን ነው። ወርቁ ሌላ ነው።

ኩይሳ ውስጥ ጨለማ ነው። ሠራተኛው ዐይን የለውም። በሺዎች፣ በአንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ ከሚሊዮን በላይ ሆነው ይኖራሉ። እንግዳ ሲገባ ግን ያውቃሉ። እንዴት? በ1920ዎቹ ደቡብ አፍሪካዊው ዩጂን ማሬ በአፍሪካንስ ቋንቋ ባሳተማቸው ጽሑፎች ኩይሳው አንድ አካል ነው፣ ንግሥቷ አንጎሉ ናት፣ ሁሉንም የሚያስተሳስር የማይታይ ነፍስ አለ ብሎ ነበር። በ1926 ደግሞ የ1911ዱ የኖቤል ተሸላሚ ሞሪስ ሜተርሊንክ ስለ ምስጥ ኑሮ መጽሐፍ ሲያወጣ ማሬ «ሐሳቤን ዘረፈኝ» ብሎ ጮኸ። (አፍሪካ ውስጥ በአፍሪካ ቋንቋ የተጻፈ ሐሳብ አውሮፓ ደርሶ ሌላ ባለቤት ሲያገኝ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም።) የማሬ «ነፍስ» ውብ ሐሳብ ነው። ችግሩ ነፍስ በላቦራቶሪ አትለካም።

የሚለካው ነገር ስም ያገኘው በ1959 ነው። ፒተር ካርልሰንና ማርቲን ሉሸር የተባሉ ሁለት ሰዎች «ፌሮሞን» የሚለውን ቃል ለዓለም ሰጡ፤ አንዱ ፍጥረት አውጥቶት የወገኑን ጠባይ የሚለውጥ ኬሚካል ማለት ነው። ሉሸር የምስጥ ተመራማሪ ነበር። ዛሬ የሽቶ ማስታወቂያ ላይ የምናየው ቃል ከምስጥ ጎጆ ጋር ይህን ያህል ዝምድና አለው።

ከዚያ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተባለው መሣሪያ መጣ። የተቀላቀለን ነገር በሙቀት አትንኖ እያንዳንዱን ውሕድ ተራ በተራ የሚለይ መሣሪያ ነው። በ1978 አሜሪካኖቹ ሃዋርድ፣ ማክዳንኤልና ብሎምክዊስት የአንድ የአገራቸውን ምስጥ ሰም በዚህ መሣሪያ አበጥረው ዘረዘሩት። የተገኘው ውጤት የበርበሬ ቅመምን ያስታውሳል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ዝንጅብሉ በሁሉም ቤት አንድ ነው፤ ልኩ ግን ይለያያል፤ ልጅም የእናቱን በርበሬ በምላሱ ያውቃል። የምስጡም እንዲሁ ነው። ቀጥ ያለ ሰንሰለት አለ፣ ጎኑ ላይ ቅርንጫፍ ያወጣ አለ፣ ድርብ ማሰሪያ ያለው አለ። ሠራተኛውና ወታደሩ ተመሳሳይ ቅመም ይዘው በልኩ ይለያያሉ። ዝርያ ከዝርያ ሲነጻጸር ደግሞ ቅመሙ ራሱ ሊለወጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ኬሚስትሪውና ማኅበራዊ ኑሮው ይገናኛሉ። ቀጥ ያለው ሰንሰለት ተጠጋግቶ ስለሚደረደር ውኃ አያሳልፍም፤ ነገር ግን ሁሉም ቀጥ ቢል የሚነበብ ልዩነት አይኖርም። ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት ደግሞ እንደ ልብ አይደረደርም፤ ውኃ በማስቀረት ይደክማል፣ መረጃ በመያዝ ግን ይበረታል። ምስጥ ሁለቱን አመዛዝኖ ቀላቅሎ ለብሷል። አንዱ ልብስ ዝናብ ካፖርትም መታወቂያም ነው። ሲገናኙ በቀንዳቸው ዳሰስ ዳሰስ ይደራረጋሉ፤ ቀበሌ በር ላይ «መታወቂያ!» እንደሚባለው ማለት ነው። እርስ በርስ ሲላላሱም ሰማቸው ይቀላቀልና የጋራ ሽታ ይሆናል። (ሁሉም ዝርያ እኩል ጥብቅ አይደለም፤ ጎረቤትን ዝም ብሎ የሚያስገባም አለ።)

መታወቂያ ባለበት ፎርጅድ መኖሩ አይቀርም። በ1980 እነዚሁ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጉድ አወጡ። እዚያው የምስጥ ጎጆ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ጢንዚዛ አለች። ምስጥ አይነካትም፤ እንደ ልጁ ይንከባከባታል። ሰሟን ሲመረምሩት ከምስጡ ሰም ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ከምስጡ ተለቅልቃ አለመሆኑ ነው፤ ራሷ ታመርተዋለች። ፎርጅዱን ከውጭ አላሠራችም፣ ማተሚያ ቤቱን በሆዷ ይዛ ነው የመጣችው።

በ2000 ደግሞ በጉንዳን ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ሌላ ነገር አሳየን። የአንድ ጎጆ ጉንዳኖች ተለያይተው የተለያየ ምግብ ተሰጣቸው። አንደኛው ወገን የበላው በረሮ ነበር፤ ያ በረሮ የራሱ ሃይድሮካርቦን አለው። ኋላ ሲገናኙ እኅትማማቾቹ ተናከሱ። ደማቸው አንድ ነው፤ የበሉት ግን ለየብቻ ነው። እኛ ከዚህ ትልቅ የፖለቲካ ትምህርት እናውጣ አንልም፤ ሰው ጉንዳን አይደለም። ነገር ግን መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር እያየ ላደገ ትውልድ፣ «ባዕድ» የሚባል ሽታ በምግብ ጠረጴዛ ሊሠራ መቻሉ ትንሽ ቆም የሚያሰኝ ነገር ነው።

የመጨረሻው ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው በ2018 ነው። ሠራተኞቹ ንጉሥና ንግሥታቸውን በምን እንደሚያውቁ ተገኘ። 21 ካርቦን ያለው ሄኒኮሴን የተባለ ቀላል፣ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ነው። ይህን ሰም የቀቡትን ነገር ሲያገኙ ሠራተኞቹ ንግሥታቸው ፊት እንደሚያደርጉት ገላቸውን ያንቀጠቅጣሉ። ማሬ «ነፍስ» ያለው ነገር ቢያንስ በከፊል ከሻማ ዘመድ የተሠራ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ነገሩን ያሳንሰዋል? እኛ ይበልጥ ያስደንቀዋል ባዮች ነን።

መርዙ በሰሙ በኩል ገባ

አሁን ወደ ጨለማው ክፍል።

በ1939 ስዊዛዊው ፖል ሙለር ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል አገኘ፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የዲዲቲ ምስጢር ይህ ነው፦ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል። ነፍሳቱ ውኃ እንዳያስወጣ የገነባው የሰም ግንብ ለዲዲቲ ግንብ ሳይሆን የተከፈተ በር ሆነ። ዱቄቱን በእግሩ ረገጠው፣ ሰሙ መጠጠው፣ ነርቩ ድረስ ዘለቀ።

ከዲዲቲ በኋላ አልድሪንና ዲልድሪን መጡ፤ ስማቸው የተወሰደው በ1950 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከተካፈሉት ከኩርት አልደርና ከኦቶ ዲልስ ነው። በዓለም ዙሪያ የምስጥ መድኃኒት ማለት እነሱ ሆኑ። ወደ እኛም አገር ደረሱ። ምዕራብ ወለጋ፣ መንዲና ነጆ አካባቢ፣ ምስጥ ሰብሉን፣ ሣሩን፣ የሣር ክዳኑን ሲበላ በ1980ዎቹ በመንግሥት ዘመቻ ኩይሳዎች በአልድሪን ተመረዙ። ኩይሳዎቹ ሞቱ፤ ችግሩ ግን አልሞተም። ደኑ ሲመነጠር፣ ግጦሹ ሲራቆት ምስጡ የሚበላው ደረቅ ሣርና ቅጠል ስላጣ ወደ በቆሎው ዞሯል። የጽዳት ሠራተኛውን ቆሻሻ ብትወስዱበት ዕቃችሁን ማጽዳት ይጀምራል። ኩይሳ የማይሠሩት፣ ከመሬት ሥር ተደብቀው የሚኖሩት ዝርያዎችም በኩይሳ ዘመቻ አይነኩም።

መርዙ ግን ቀረ። አልድሪን አፈር ውስጥ ወደ ዲልድሪን ይለወጣል፤ ዲልድሪን ደግሞ ለዓመታት አይበሰብስም። ቅባት ወዳድነቱም ምስጥ ላይ አያቆምም። እኛም ቅባት አለን። ላሟም አላት። ወተትም ቅባት አለው። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች ከእናቶችና ከላሞች በተወሰደ ወተት ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። ያ ዲዲቲ ለምስጥ የተረጨ ነው አንልም፤ በአገራችን ዲዲቲ በዋናነት የታወቀው በወባ መከላከል ነው። የኬሚስትሪው ሕግ ግን አንድ ነው፤ በነፍሳት ሰም የሚገባ፣ በእናት ወተት ይወጣል።

ዓለም ዘግይቶም ቢሆን ነቃ። አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ከዘረዘራቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ኬሚካሎች ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2003 አጸደቀችው፤ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ሰሞን ለዐሥርታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት ከሺህ ቶን በላይ ፀረ ተባይ ከአገራችን ተለቅሞ፣ ታሽጎ፣ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ተቃጥሏል። በእርዳታም በግዢም የገባ መርዝ ነው። ገብቶ የነበረበት ቀን አልተከበረለትም፤ ሲወጣ ግን ስንት ድካም አስወጣ።

ከዚያ ወዲህ የቤት መሠረት ላይ በብዛት ከሚረጩት አንዱ ክሎርፓይሪፎስ ነው። እንደ አልድሪን ዘላለማዊ አይደለም። ነገር ግን የሕፃናትን የአንጎል ዕድገት እንደሚጎዳ የሚያመለክቱ ማስረጃዎች ተደራርበው በ2025 እሱም ከተወሰኑ የጊዜ ፈቃዶች ጋር የስቶክሆልም ዝርዝር ውስጥ ገባ። የትናንቱ «አስተማማኝ ምትክ» የዛሬ ተከሳሽ ሆነ።

ወደ አቃቂ ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለአቃቂ ቃሊቲ ምኑ ነው? ሁለት ነገር።

አንደኛው ውኃ ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ትልቅ ድርሻ የሚወጣው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። ገፈርሳና ለገዳዲ ግድብ ናቸው፤ ይታያሉ። የአቃቂው ግን ከእግራችን ሥር፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ነው። ከላዩ ያለው ጥቁር የመረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በስንጥቅ የሚወርድ ውኃ እንደ ወንፊት እየተጣራ አይወርድም። ፍትሐዊ እንሁንና፣ ክሎርፓይሪፎስ አፈርን አጥብቆ ስለሚይዝ በቀላሉ ከውኃ ጋር አይነጉድም። ከአቃቂ ወንዝ ጋር የሚወርደው የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽም ከእሱ ይልቅ የሚያስጮህ ነው። ነገር ግን ቀበናም ሆነ ቦሌ፣ መርካቶም ሆነ ሳሪስ ያለ ሰው የሚጠጣው ከዚህ ምድር ከሆነ፣ እያንዳንዱ መሠረት ላይ ምን እንደፈሰሰ፣ ምን ያህል እንደፈሰሰ፣ ማን እንደተቆጣጠረው መጠየቅ መብት ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ገላን እያለ ከተማው ወደ ደቡብ ሲፈስስ የመሠረቱ ቁጥር ስንት እንደሆነ አስቡት።

ሁለተኛው መፍትሔ ነው። እዚህ ላይ ያ ዋልተር ኤበሊንግ ይመለሳል። ምስጥን በዱቄት ካደረቀበት ሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957፣ ከሌላ ባልደረባው ጋር አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቆ ነበር፦ ምስጥ በአሸዋ ውስጥ ማለፍ የሚያቅተው መቼ ነው? የአሸዋና የከሰል ጥቀርሻ ፍሬዎችን በመጠን እየለየ ሞከረ። ፍሬው በጣም ደቃቅ ከሆነ ምስጡ በመንጋጋው እያነሳ መንገድ ይጠርጋል። በጣም ትልቅ ከሆነ በመሐሉ ሾልኮ ያልፋል። በመካከል ግን፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ በሚል መጠን፣ ለመንጋጋው የከበደ፣ ለጭንቅላቱ ደግሞ የጠበበ ፍሬ አለ። እዚያ ላይ ምስጥ ይቆማል። መርዝ የለም። ሰሙን መንካትም አላስፈለገም። በኋላ የሃዋይ ሰዎች የእሳተ ገሞራ ደሴታቸውን ጥቁር ድንጋይ በልክ ፈጭተው ከቤት መሠረት ሥር ማንጠፍ ጀመሩ።

አሁን ቱሉ ዲምቱን በሉ። በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ያ ቀይ ነገር ምንድን ነው? ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከአቃቂ እስከ ዱከምና ቢሾፍቱ ባሉት ኮረብቶች ሞልቷል፤ በገልባጭ መኪና እየተጫነ የከተማውን ወለል የሚሞላው እሱ ነው። ጥቁር ድንጋዩም ከየካባው እየተፈጨ ይወጣል። ማለትም ኤበሊንግና ሃዋዮች የተጠቀሙበት ዓይነት ዕቃ ደጃችን ላይ ነው፤ እንዲያውም ከቤታችን ሥር እያነጠፍነው ነው፤ ግን ሳንለካ፣ ሳናበጥር፣ ትልቁን ከትንሹ ሳንለይ።

ይህን ነገር ዝም ብሎ መቅዳት አይቻልም። የካሊፎርኒያ ምስጥና የእኛ ምስጥ የጭንቅላት ልኩ አንድ አይደለም። የሚበቃው የፍሬ መጠን በየአገሩ ዝርያ ይለካል። ሬድ አሽ ደግሞ ቀዳዳ ስለሚበዛበት ሲደመደም ተፈርፍሮ ልኩ ሊበላሽ ይችላል፤ ምናልባት ጥቁሩ ድንጋይ ይሻል ይሆናል። ሁሉም የሚሞከር ነገር ነው። የሚያስፈልገውም ወንፊት፣ የመስታወት ቱቦ፣ ጥቂት መቶ ምስጥና ትዕግሥት ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የት ነው? ቂሊንጦ፤ እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፍቶባችሁ የምትጨነቁ ወዳጆቻችን፣ ርዕሱ ግቢያችሁ አጥር ሥር የጭቃ ቱቦ እየሠራ ነው።

ከ1915 ጀምሮ ያለውን መልሰን ስናየው ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥተናል። የባቡር ሰዎቹ ምስጥ የማይበላውን ዕቃ መረጡ። የዘመቻው ዘመን ሰዎች በሰሙ በኩል የሚገባ መርዝ መረጡ፤ መርዙም በእኛ በኩል ገባ። አያቶቻችንና ኤበሊንግ ደግሞ ፍጥረቱን ጠጋ ብለው ተመለከቱና የሚደክምበትን ቦታ ለዩ። የመጀመሪያው ውድ ነው፣ ሁለተኛው ርካሽ መስሎ በጣም ውድ ነው። ሦስተኛው የሚጠይቀው ማወቅን ነው።

ሰሙን የፈታ ወርቁን ያገኛል ይላሉ የቅኔ ሰዎች። በሚቀጥለው ጊዜ ሠፈራችሁ ውስጥ አዲስ መሠረት ሲቆፈር ብታዩ፣ «ምን ረጫችሁበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢስቁባችሁም ጠይቁ። ከቧንቧ የሚወርደውን የምትጠጡት እናንተ ናችሁና።

ቸር እንሰንብት!